በር ጭምብል አያደርግም

ሐኪሙ "በየቀኑ በእግርሽ ሂጂ" ያለኝ ዕለት ከክሊኒኩ የወጣሁት ተናድጄ ነው። ኪኒን ቢያዝልኝ እውጣለሁ፤ መርፌም ቢሆን ክንዴን እዘረጋለሁ። የእግር ጉዞ ግን የምን መድኃኒት ነው? ካርቱም ውስጥ ጉዳይ ሳይኖረው በእግሩ የሚዞር ሰው ወይ መኪናው ተበላሽቷል፣ ወይ ጭንቅላቱ። በዚያ ፀሐይ ውሻ እንኳ ከጥላው አይነሳም።

ግን ፈርቻለሁ። አል-ሳሃፋ ሰፈር ውስጥ በተከራየኋት ቤት፣ ከስፌት መኪና ፊት ተቀምጬ ለአል-ጣኢፍ ሰፈር ባለቪላዎች መጋረጃ ስሰፋ ከሃያ ዓመት በላይ ሆኖኛል። የስኳር በሽታው መቼ እግሬ ላይ እንደወረደ አላውቅም። አንድ ቀን መሬት የወደቀ መርፌ አውራ ጣቴ ውስጥ ገብቶ ኖሮ፣ ያወቅሁት ምንጣፉ ላይ ደም አይቼ ነው፤ ሕመሙ አልተሰማኝም። ሐኪሙ ጣቴን በእስክሪብቶ ነካ ነካ አድርጎ "ይሰማሻል?" ሲለኝ አሁንም አልተሰማኝም። "እንግዲህ ወይ ትሄጂበታለሽ፣ ወይ እንቆርጠዋለን" አለ። ነገር ማለዘብ የሚባል አያውቅም።

በማግስቱ ከዐስር ሰላት በኋላ ነጠላ ጫማዬን አጥልቄ ወጣሁ። እንዲያው ለመሄድ። ሱዳን ውስጥ እንዲያው መሄድ እንደማይቻል የገባኝ ያን ጊዜ ነው። እዚህ አገር ጎረቤት ጎረቤቱን ዝም ብሎ አያሳልፍም። የመጀመሪያዋ ሴት ከበሯ ሆና ስለ ጤናዬ፣ ስለ ልጄ፣ ስለ ሥራዬ ጠየቀችኝ፤ ስጨርስ እንደገና ስለ ጤናዬ ጠየቀችኝ። ሁለተኛው መኪናውን አቁሞ "ግቢ ላድርስሽ" አለ። የትም አልሄድም ስለው የሰደብኩት መሰለው።

ከሁሉ የባሱት ግን ሐጅ ነበሩ። ሐጅ የመንገዳችን ማዕዘን ላይ፣ አረንጓዴ የብረት በራቸው ፊት ወንበር አውጥተው የሚቀመጡ ጡረታ የወጡ የባቡር ሠራተኛ ናቸው። ባሌ በሕይወት ሳለ ወዳጃቸው ነበር፤ እሱ ከሞተ በኋላም ቤቴን እንደ እህታቸው ቤት ነው የሚያዩት። ገና ከሩቅ ሲያዩኝ "ተፈደሊ" ብለው ተነሱ፤ ግቢ፣ አረፍ በይ ማለት ነው። ሻይ መጣ። ማንኪያ ቢያቆሙበት የማይወድቅ፣ ግማሹ ስኳር የሆነ ሻይ።

"ሐጅ፣ ስኳር አለብኝ። ሐኪም ከልክሎኛል" አልኳቸው።

"ዐለይ አጠላቅ ትጠጪያለሽ።"

ይህ መሐላ ምን እንደሆነ ለማያውቅ ልንገር። ካልጠጣሽ ሚስቴ ትፈታ ማለት ነው። የሱዳን ሽማግሌ እንግዳ እንቢ ሲለው የሚመዘው የመጨረሻ ካርታ ነው፤ ከዚያ በኋላ ብርጭቆው የአንድ ትዳር ዕጣ ይሆናል። ባለቤታቸው ከውስጥ ሆነው "ጠጪላቸው እባክሽ፣ በዚህ ዕድሜዬ የት እሄዳለሁ?" ብለው ሳቁ። ጠጣሁ። በማግስቱም በሦስተኛውም ቀን ጠጣሁ። ስኳር ለማውረድ ወጥቼ ስኳር ጭኜ እየገባሁ የሰው ትዳር ሳድን ሳምንቱ አለቀ።

ይህን ስነግራት ልጄ እስክትንፈራፈር ሳቀች። ልጄ እዚሁ ተወልዳ እዚሁ ያደገች ናት። አማርኛዬን አንድም ሳይቀራት ትሰማለች፤ ስትመልስ ግን ግማሹ ዐረብኛ ነው። ሱቅ ዐረቢ የሚባለው ገበያ ውስጥ የፓስፖርት ፎቶ የሚነሳበትና ወረቀት የሚባዛበት ሱቅ ትሠራለች። ይህን በነገርኳት በሁለተኛው ቀን አለቃዋ የጣለውን ትንሽ ብርማ ካሜራ ይዛልኝ መጣች። የባትሪው ክዳን በፕላስተር የተያዘ ነው፤ ሌንሱ እንዲወጣ ደግሞ ጀርባውን መታ መታ ማድረግ ያስፈልጋል።

"ማማ፣ ይሄን ያዢ። ኢንቲ ማሺያ፣ ሱራ ታነሻለሽ። ሰው ሹጉል ያላት ይመስለዋል፣ አያስቆምሽም። መንገዱም አይሰለችሽም። ኸላስ።" እየሄድሽ ፎቶ አንሺ፣ ሥራ ያላት ይመስላቸዋል ማለቷ ነው።

"ምኑን ላንሳ? አሸዋውን?"

"አሸዋውን አንሺ። ማታ አያለሁ።"

በመጀመሪያዎቹ ቀናት ያነሳሁት አሸዋና የራሴን አውራ ጣት ነው። ልጄ ማታ ማታ እያየች ታፌዝብኛለች። ሰው ማንሳት አልፈልግም፤ ፈርቼ እንጂ ሳልወድ ቀርቼ አይደለም። የኛ አገር ሴቶች ካሜራ ሲያዩ ሻሻቸውን ፊታቸው ላይ ይስባሉ። አንዷ አገር ቤት ያሉት ዘመዶቿ የሰው ቤት ማጽዳቷን አያውቁም፤ ሌላዋ ማግባቷን አልነገረችም። ሱዳኖቹም ቢሆኑ ሚስቶቻቸውንና ልጆቻቸውን በመንገድ የሚያነሳን ሰው አይወዱም። ስለዚህ አሰብኩና መላ አገኘሁ፤ ማንንም የማያስቀይም ነገር ላንሳ አልኩ። በር።

የካርቱምን በር ያላየ ሰው በሩን ለምን እንደምወድ አይገባውም። ቤቱ ጭቃ ይሁን ጡብ፣ በሩ የብረት ነው፤ ብየዳ ሠሪው ያለ የሌለ ጥበቡን እዚያ ላይ ያፈሰዋል። አንዱ ፀሐይ፣ አንዱ ጀበና፣ አንዱ ሁለት ዓሣ ፊት ለፊት። ሰማያዊ ተቀብቶ ጠርዙ ቢጫ የሆነ አለ። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ የመጋረጃ ጥለት ሳይ የኖርኩ ሰው ነኝና ዓይኔ ያንን ጥለት መልቀም ጀመረ። አንድ በር ካየሁ ከሚቀጥለው ጎዳና ደግሞ ምን ይኖር ይሆን ብዬ ልቤ ይሰቀላል። እግሬ እየደነዘዘ መሆኑን ረስቼ ሦስት ጎዳና እሄዳለሁ። እውነቱን ለመናገር ደስ አለኝ። በዚያ ሰሞን ደስ ያለኝ ነገር እሱ ብቻ ነበር።

ምን ዓይነት ሰሞን እንደነበር ማስታወስ ያስፈልጋል። ዳቦ ለመግዛት ንጋት ላይ ነው የሚወጣው። ወጣቶቹ ፕሬዚዳንቱ ይውረድ የሚል ሰልፍ በተባለ ቁጥር ፊታቸውን በጨርቅ ሸፍነው ይወጣሉ፤ ታርጋ የሌላቸው ፒክአፖች ያሳድዷቸዋል። አስለቃሽ ጭሱ ስፌት ቤቴ ድረስ ገብቶ የማንን መጋረጃ እንዳበላሸብኝ አልናገርም። በዚያ ሁሉ መሃል ሰፈራችን የሚድንበት አንድ ዘዴ ነበረው። ልጆቹ ሲሮጡ የመጡ እንደሆነ አንዱ በር ከፈት ይላል፤ ይገባሉ፤ በሩ ይዘጋል። የደህንነት ሰዎቹ ሲደርሱ ጎዳናው ባዶ፣ በሩ ሁሉ ዝግ ነው። የትኛው በር እንደተከፈተ አይታወቅም።

እኔ ደግሞ ብልጧ፣ ካሜራ ይዤ በር አነሳለሁ።

የሐጅን አረንጓዴ በር ሁልጊዜ ሳላነሳው እያለፍኩት ነበር፤ የሻዩን መሐላ ፈርቼ። አንድ ቀን ወንበራቸው ባዶ ሆኖ አገኘሁት። ቶሎ ብዬ ካሜራውን አነሳሁ። ልክ ስጫን በሩ ተከፈተና ልጃቸው ወጣ። ዩኒቨርሲቲ የሚማር፣ ቀጭን፣ አንገቱ ረጅም ልጅ ነው። አፉ ላይ ፈገግታ ነበረው፤ ከውስጥ የሆነ ሰው ያሳቀው ይመስለኛል። ከዚያ እኔን አየ። ፈገግታው ጠፋ። ወደ እኔ ሲመጣ ሳላስበው ደግሜ ተጫንኩ። መዳፉ ሌንሱን ሸፈነው።

ሁለት ጓደኞቹ ከኋላው ወጡ። "ኻልታ" አለኝ፤ አክስቴ ማለቱ ነው፤ ድምፁ አልጮኸም። "በሮቹን የምታነሻቸው ለማን ነው?"

"ለልጄ።"

"ልጅሽ በር ምን ያደርግላታል?"

"እግሬ እንዳይቆረጥ ነው" አልኩ።

ተያዩ። እኔም የራሴን መልስ ስሰማው ውሸት ውሸት ሸተተኝ። ስለ ሐኪሙ፣ ስለ መርፌው፣ ስለ ስኳሩ ስቀባጥር ይባስ አስመሰለብኝ። አንደኛው ጓደኛው "ተዋት፣ ሐበሺያ ናት፣ ደሃ ናት፤ ከፍለዋት ይሆናል" አለ። ደሜ ፈላ። ከሃያ ዓመት በላይ የኖርኩበት ሰፈር ነው። ይህ የሚናገረኝ ልጅ ሲወለድ እናቱን ገንፎ ያበላሁ እኔ ነኝ። ያንን ነገርኩት። መሬት መሬት አየ።

የሐጅ ልጅ ግን ረጋ ብሎ አስረዳኝ። "ኻልታ፣ እኛ ስንወጣ ፊታችንን እንሸፍናለን። ፊት ይሸፈናል። በር ግን ጭምብል አያደርግም። ካሜራሽን አምን ቢይዘው የሁላችን ቤት እዚያ ውስጥ አለ።"

አምን የሚሉት ደህንነቱን ነው። ልክ ነበር። ሰው ላለማስቀየም ብዬ ከከተማው ሁሉ መርጬ ያነሳሁት መነሳት የሌለበትን አንድ ነገር ነው።

"አጥፊያቸው" አለ። አጠፋኋቸው። ሁሉንም በአንዴ ማጥፋት አላውቅበትም፤ አንድ በአንድ ነው፤ መጫን፣ እርግጠኛ ነሽ ወይ ይላል፣ ደግሞ መጫን። ፀሐዩ መስታወቱ ላይ ስለወደቀ አይታየኝም ነበርና ልጁ እጁን ጥላ አድርጎ ያዘልኝ። ዓሣዎቹ ሄዱ፤ ጀበናው ሄደ፤ ፀሐዩም ሄደ። እሱ እየሳቀ ከበሩ ሲወጣ የሚታይበትም ሄደ። መጨረሻ ላይ መዳፉ ብቻ የሚታይበት ብዥ ያለ ፎቶ ቀረ። ላጠፋው ስል አየውና "ማፊ ዞል፣ ኸሊሁ" አለኝ። ሰው የለበትም፣ ተይው። ከዚያ "ሳምሒኒ ያ ኻልታ" ብሎ ይቅርታ ጠየቀኝ፤ እኔ ግን ተቆጥቼ ስለነበር ጀርባዬን ሰጥቼው ሄድኩ።

ወሬ ከፒክአፕ ይፈጥናል። በሳምንቱ ሰፈሩ በሙሉ ሐበሺያዋ በር ስታነሳ ተያዘች ይል ነበር። አጥፍታለች የሚለው ክፍል ከመንገድ ቀረ። እየሄድኩ ሳለ የሴቶች ጨዋታ ይቋረጣል፤ ካለፍኩ በኋላ ይቀጥላል። መኪና አቁሞ ላድርስሽ የሚለኝ ጠፋ። ሐጅ ወንበራቸው ላይ ሆነው ያዩኛል፤ ሰላምታ ይሰጡኛል፤ አንድ ሰላምታ፣ ከዚያ በቃ። ተፈደሊ የለም፣ መሐላ የለም።

እንግዲህ ልብ በሉ፤ ካሜራው የተባለውን ሁሉ አደረገልኝ። ማንም አያስቆመኝም። እንደ ልቤ እሄዳለሁ። ስኳሬ ወረደ። ሐኪሙ ጣቴን በእስክሪብቶ ሲነካው ቆንጠጥ አለኝና ስጮህ እንኳን ደስ አለሽ አለኝ። ከክሊኒኩ ስመለስ ይህን ለማን ልንገር ብዬ ጎዳናውን ባየው፣ ቆሞ የሚሰማኝ ሰው የለም። እንዲህ ዓይነት ጤና ደግሞ አይቼ አላውቅም።

ልጄ ቤት ለቤት ዞረሽ አስረጂ አለችኝ። ምኑን ነው የማስረዳው? ያልሰረቀ ሰው አልሰረቅኩም እያለ በር ያንኳኳል? እኔም ኩራት አለኝ። ካሜራውን ይዤ መውጣቴን አልተውኩም፤ እንዲያውም አንገቴ ላይ አንጠለጠልኩት። ከበር ወደ ፍየል ዞርኩ። ቆሻሻ ላይ የቆመ ፍየል፣ ካርቶን የሚበላ ፍየል፣ የኒም ዛፍ ሥር የተኛ ፍየል። ፍየል ቤት የለውም፣ አብዮትም አያነሳም።

ከሰፈሩ ሁሉ እንደ ድሮው የሚያናግረኝ ያ ልጅ ብቻ ነበር። ያስጠፋኝ ራሱ። ባገኘኝ ቁጥር "ኻልታ፣ ዛሬስ ስንት ፍየል?" ይለኛል። እኔ ፊቴን አጨማድጄ አልፈዋለሁ፤ እሱ ግን አይተወኝም። አንድ ቀን "ከሰውራው በኋላ እዚያ በራችን ላይ ቆሜ በደንብ ታነሺኛለሽ፣ ፊቴን ገልጬ" አለኝ፤ ሰውራ የሚሉት አብዮቱን ነው። "ድንቄም" አልኩት። ሳቀ። ጥርሱ እንዴት እንደነበር አሁንም አስታውሳለሁ።

ከዚያ ሚያዝያ ላይ ፕሬዚዳንቱ ወረደ። ካርቱም በሙሉ ወደ ጦሩ ዋና መሥሪያ ቤት ጎረፈ፤ ኢዕቲሳም የተባለው የመንገድ ላይ የመቀመጥ አድማ እዚያ ነው የነበረው። ልጁም እዚያው ከረመ፤ ገላውን ለመታጠብና ልብስ ለመቀየር ብቻ ይመጣ ነበር አሉ፤ እኔ አላገኘሁትም። ያን ጊዜ ፎቶ የማያነሳ ሰው አልነበረም። ሽማግሌው፣ ወታደሩ፣ ሻይ ሻጯ፣ ሁሉም ስልኩን ሽቅብ ይዞ ነው የሚሄደው። ፊት ሁሉ ተገልጧል። ኃጢአት ሆኖ የቀረው የኔ ካሜራ ብቻ ነበር። አንድ ጊዜ የወጣ ስም መንግሥት ሲወርድ አብሮ አይወርድም።

በረመዳን ደግሞ የባሰው መጣ። እዚህ አገር በፆም ወር ወንዶች ምንጣፋቸውን መንገድ ዳር አንጥፈው ነው የሚያፈጥሩት። ፀሐይ ሊጠልቅ ሲል መንገደኛ ቤቱ ሳይደርስ ሰዓቱ ደርሶበት ፆሙን ሳይፈታ እንዳይቀር መንገዱን ይዘጉታል፤ ጥምጥማቸውን ፈትተው ከዳር እዳር ገመድ አድርገው የሚወጥሩ አሉ። አውቶቡስ ሙሉ ሰው በግድ ያስወርዳሉ። ሴት ከሆነች ወደ ውስጥ፣ ወደ ሴቶቹ ትሸኛለች እንጂ አታልፍም። እኔ ዘግይቼ ከጉዞ ስመለስ የሐጅ ምንጣፍ ተነጥፎ ነበር። ጥምጥሙ ተወጥሯል። ከፊቴ የነበረውን ረክሻ የሚሉትን ባጃጅ ነጂ እጁን ይዘው አስቀመጡት። እኔ ስደርስ ጥምጥሙን የያዘው ሰው ዝቅ አደረገልኝ፣ እንድሻገር። ሐጅ ውሃ እየቀዱ ነበር፤ ቀና አላሉም።

ጥምጥሙን ተሻግሬ ቤቴ ገባሁ። ፆሜን በቧንቧ ውሃ ፈታሁ። ልጄ ስትመጣ ምን ሆነሽ አለችኝ፤ ካሜራውን አልጋው ላይ ወርውሬ "ውሰጂልኝ ይሄን መዓት" አልኳት። በማግስቱ ግን ይዤው ወጣሁ። እግሬ የኔ ነው።

ከዒድ በፊት ባለው ንጋት የተኩስ ድምፅ ቀሰቀሰን። ዝናብ ነበር። ወታደሮች ኢዕቲሳሙን በጥይት በተኑት። ወዲያው ኢንተርኔት ተቆረጠ፤ ስልኩም እንደነገሩ ነው የሚሠራው። ሰፈሩ ልጆቹን እየጠበቀ በሩን ከፍቶ ቆመ። አንዱ እግሩን ተመትቶ መጣ፤ አንዱ ራሱን ተላጭቶ፣ ተደብድቦ መጣ። የሐጅ ልጅ አልመጣም። በማግስቱም፣ በዒዱም አልመጣም።

ከዒዱ በኋላ ሐጅ በሬን አንኳኩ። ባሌ ከሞተ ወዲህ በራቸው ላይ ጠርተውኝ እንጂ እኔ በር መጥተው አያውቁም። ግቡ ብላቸው ደጅ ላይ ቆሙ። የለበሱት ጀላቢያ እንደተጨማደደ ነው። ሆስፒታል ለሆስፒታል ሲዞሩ መክረማቸውን ነገሩኝ። በየሄዱበት "ፎቶ አለዎት?" ይሏቸዋል። ፎቶ የለም። በሰልፉ ሰሞን ፍተሻው ሲበረታ ልጁ ራሱ የእናቱንም የአባቱንም ስልክ ወስዶ ፎቶዎቹን በሙሉ አጥፍቷቸው ነበር። ጓደኞቹ ያላቸው ደግሞ ኢንተርኔቱ ውስጥ ነው፤ ኢንተርኔት የለም። የቀረው የአንደኛ ደረጃ መታወቂያው ነው፤ ገና የሕፃን ፊት። ለአስከሬን ክፍል ሠራተኛ እሱን ያሳያሉ።

"ያ ኡኽቲ" አሉኝ፤ እህቴ። "ሰዎቹ ሁላችንንም አንስታናለች ይሉ ነበር። እኔም ሰምቼ ዝም ብያለሁ። ያሉት እውነት ይሁን ብዬ ነው የመጣሁት።"

አጥፍቻለሁ ማለቴ ውሸት ቢሆን ደስ ባለኝ። "አንድ ነበረኝ፣ ሐጅ" አልኩ። "ከበሩ ሲወጣ። እየሳቀ ነበር። እሱ ራሱ አስጠፋኝ።"

"ፈጽሞ?"

ልጄ ከውስጥ ወጣች። ሱቃቸው ያለው ኮምፒውተር የጠፋ ፎቶ አንዳንዴ እንደሚመልስ ነገረቻቸው። "ኢንሻላህ" አለች፤ እሳቸው ቃሏን እንደ መድኃኒት ተቀበሏት። አይ ልጅ፣ ባትናገር ምን ነበረ ብዬ በልቤ ተቆጣኋት።

ከተማው አድማ ላይ ነበር። ሃይስ ታክሲ የለም፣ ረክሻ የለም፤ መንገዱ በጡብና በተቃጠለ ጎማ ተዘግቷል። ከአል-ሳሃፋ እስከ ሱቅ ዐረቢ እኔና ልጄ በእግራችን ሄድን። በሕይወቴ እንደዚያ ረጅም መንገድ ሄጄ አላውቅም። ካሜራው ቦርሳዬ ውስጥ ነው፤ አንድም ጊዜ አላወጣሁትም። ጩኸት የማይለየው ሱቅ ዐረቢ ዝግ ነበር፤ የኛ እግር ብቻ ይሰማል። ልጄ ቁልፍ ነበራት። መብራት እስኪመጣ ጨለማ ውስጥ ተቀምጠን ጠበቅን።

መብራቱ ሲመጣ ካርዱን ኮምፒውተሩ ውስጥ ከተተችው። የጠፋ ፎቶ ቦታው ላይ ሌላ እስኪቀመጥበት ድረስ እዚያው ነው ያለው አለችኝ። በሮቹ መምጣት ጀመሩ። ዓሣዎቹ፣ ጀበናው፣ ሰማያዊው ከነቢጫ ጠርዙ። ያ ሁሉ ሰው የፈራቸው በሮች አንድ በአንድ ተመልሰው መጡ፤ ማንም አልፈለጋቸውም። የሐጅ በር ሊመጣ ሲል ወንበሬን አስጠጋሁ።

ልጄ ቆመች። ደጋግማ ሞከረች። ከዚያ ወደ እኔ ሳትዞር "ማማ፣ በላዩ ላይ ፍየል አንስተሽበታል" አለችኝ።

ካርቶን የሚበላው ፍየል ነው። ጥርት ብሎ፣ ጢሙ ሳይቀር ይታያል። ያንን ፍየል ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም እንደዚያ ጠልቼው አላውቅም። ካሜራውን ከግድግዳው ጋር ላላትመው ስል የያዘችኝ ልጄ ናት።

የመዳፉን ፎቶ ላሳያቸው ወይስ ልተወው ብዬ አደርኩ። ሰው የለበትም ያለው እሱ ራሱ ነው። ግን ባዶ እጄን መሄድም አልሆነልኝም። በማግስቱ ከዐስር በኋላ አረንጓዴውን በር አንኳኳሁ። ግቢው ውስጥ ሴቶች ተቀምጠዋል፤ ለቅሶ እንዳይሉት አልሞተም፣ ጨዋታም አይደለም። ለሐጅ ስለ ፍየሉ ነገርኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ ካሜራውን ከፍቼ ሰጠኋቸው።

መነጽራቸውን አደረጉ። መዳፍ ነው፤ ብዥ ያለ፣ ጠርዙ ላይ ብርሃን የገባበት። ለረጅም ጊዜ ያዙት። ባለቤታቸው መጥተው ከትከሻቸው በላይ አዩ። "እጁ ናት" አሉ። "አውራ ጣቱን አየሽው? ጥፍሩን ይበላል። ስንት ጊዜ ተው ብዬዋለሁ፣ አይሰማም።" ይህን ሲሉ እንደ ማንኛዋም እናት እየተቆጡ ነበር። ከዚያ ወደ ማድ ቤት ገቡ።

ሻይ ይዘው ተመለሱ። ብርጭቆውን ሲሰጡኝ "ያለ ስኳር ነው፣ እንዳመመሽ ረስተን ነበር" አሉኝ። ሐጅ ካሜራውን ጭናቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል። ብርጭቆውን ይዤ ጠበቅኩ። ያንን መሐላ ነበር የምጠብቀው፤ ስኳሩን አምጡ ብለው እንዲጮኹ፣ በሚስታቸው እንዲምሉብኝ፣ እኔም እንድጨቃጨቅ። ባለቤታቸውም የጠበቁ ይመስለኛል፤ ዓይናቸውን ከሐጅ ላይ አላነሱም።

"ልጠጣው፣ ሐጅ?" አልኩ።

ቀና ሳይሉ "እንዳሻሽ፣ ያ ኡኽቲ" አሉኝ።

ያንን ቃል ያኔ ሳምንቱን ሙሉ ወንበራቸው ፊት ቆሜ ስለምናቸው ነበር። ሻዩን ከነምሬቱ ጨረስኩት።